ዓይን ቢደክም እጅ አይቦዝን



በዚህ ጋዜጣ ዘወትር የምታነቡት ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ዘርና ስለ ችግኝ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ስለማይነገርለት አንድ ጉዳይ ልናስረዳችሁ እንወዳለን። ይኸውም የዓይኑን ብርሃን ያጣ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ቀኑን በምን ያሳልፋል? የሚል ነው።

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ራት ያልበላ ሰው ባለበት አገር ስለ ጨዋታና ስለ ትርፍ ጊዜ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን በልቶና ለብሶ ከጠዋት እስከ ማታ ግድግዳ ተደግፎ የሚውል ሰው ከረሀብ የማይተናነስ ችግር አለበት። ቀኑ አልመሽ ይለዋል፤ ሌሊቱም ከቀኑ አይለይለትም። ሲውል ሲያድር ሰውነቱ ይደክማል፤ ልቡም ይሰበራል፤ በመጨረሻም በቤተ ሰቡ ላይ ሸክም የሆነ ይመስለዋል።

መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ ይዘራል፤ ውኃ በሚደርስበት ቦታ ደግሞ ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ ይለማል። በዚህ አገር ሥራና ጨዋታ እንደ ከተማ ቢሮ በሰዓት የተለያዩ አይደሉም። እናት ቡና እየተፈላ፣ ወሬ እየተወራ ትፈትላለች። ሽማግሌው ከጎረቤት ጋር እየተጨዋወተ ገመድ ይገምዳል። ልጃገረዷ እያንጎራጎረች ሰፌድ ትሰፋለች። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ የትርፍ ጊዜ ሥራ ስንል ሰው ማንም ሳያስገድደው፣ ደስ ብሎት በእጁ፣ በጆሮውና በአንደበቱ የሚሠራውን ሁሉ ማለታችን ነው።

ታዲያ ከቤቱ አንዱ ዓይኑን ሲያጣ ምን ይሆናል? ቤተ ሰቡ በፍቅር ይከበዋል። «እማ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፤ እኛ እያለን ምን በወጣሽ!» ይላሉ ልጆች። «አባባ፣ እርስዎ አይነሡ፤ ይወድቃሉ» ይባላል ሽማግሌው። እንዝርቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ወስፌው ለሌላ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በክፋት አይደለም። ነገር ግን ሰውየው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ዓይኑን በሽታ ወሰደበት፤ እጁን ደግሞ ፍቅር ወሰደበት። የመጀመሪያውን ጉዳት መመለስ ሁልጊዜ አይቻልም። ሁለተኛውን ግን ዛሬውኑ መመለስ ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ሐኪም ይይ

ወደ እጅ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ዓይኑ የደከመ ሰው ሁሉ ለዘለቄታው ዓይነ ስውር ሆኗል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከ100 ሰዎች 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውራን፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ በከፊል ብቻ የሚያዩ ሆነው ተገኝተዋል። ከዓይነ ስውርነቱም ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ይህ በዓይን ውስጥ ያለው ጥሩው ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው፤ ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲያስገባ ብዙው ሰው እንደገና ያያል።

በአማራ ክልል እጅግ ተስፋፍቶ የኖረው ትራኮማ ግን መንገዱ ሌላ ነው። በሽታው እየተመላለሰ የዓይንን ቆብ ያኮማትራል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይኑን መስተዋት ይፍቃል። በየቤቱ እናቶች ወረንጦ ይዘው ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉት ስለዚህ ነው። የቆቡን መታጠፍ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማስተካከል ይቻላል። ጠባሳው ከጠነከረ በኋላ ግን የጠፋውን ብርሃን መመለስ ይከብዳል። ግላኮማም እንዲሁ ነው፤ የወሰደውን አይመልስም፤ በጊዜ ከታከመ ግን የቀረውን ማቆየት ይቻላል። በመሆኑም «እርጅና ነው» ብሎ ከመቀመጥ በፊት የዓይን ሐኪም ማየት ተገቢ ነው።

የቀረውን ብርሃን መጠቀም

ከላይ ያሉት ቁጥሮች አንድ ነገር ያስተምሩናል። በከፊል የሚያዩት ጨርሶ ከማያዩት በእጥፍ ይበልጣሉ። ለእነዚህ ሰዎች ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። እርሱም ብርሃንና የቀለም ልዩነት ነው።

ነጭ ጥጥ የምትፈትል እናት ጭኗ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጨርቅ ብታነጥፍ ክሩ ጎልቶ ይታያታል። ነጭ ጤፍ የምትለቅም ከሆነ ጠቆር ያለ ትሪ፣ ቀይ ጤፍ ከሆነ ነጭ ትሪ ይሻላታል። ስትቀመጥም ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ፀሐዩ ዓይኗን እንዲወጋት ሳይሆን ብርሃኑ በትከሻዋ በኩል መጥቶ እጇ ላይ እንዲያርፍ መሆን አለበት። በሲኒ ውስጥ ያለውን ቡና ከፍታ ለማየትም ውስጡ ነጭ የሆነ ሲኒ ይረዳል። እንዲህ ያለው ነገር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን «አልችልም» ትል የነበረችውን «እስቲ ልሞክር» ያሰኛታል።

ጣት የሚያየው ሥራ

ጨርሶ ለማያይ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ሥራ ፈትል ነው ብንል አልተሳሳትንም። ጥጥ ፍሬው ተዳምጦ ሲወጣ፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ሲሆን፣ ባዘቶውም ተጠቅሎ አመልማሎ ሲሆን ሁሉም በመዳሰስ የሚታወቅ ነው። መፍተሉም እንዲሁ ነው። የክሩን ቅጥነትና ውፍረት የምትለየው ዓይን ሳትሆን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለችው ቆዳ ናት። ዓይናቸው ጤናማ የሆኑ ባለሙያ ሴቶች እንኳ ሲፈትሉ እንዝርቱን አያዩም፤ ፊታቸው ወደሚያጫውታቸው ሰው ነው። ስለዚህ ለዓመታት ስትፈትል የኖረች እናት ዓይኗን ብታጣም ሙያዋ ከእጇ ላይ አለ። ክሩ ቢበጠስ ጫፉን በመዳሰስ አግኝታ ትቀጥለዋለች። ለድር የሚሆነውን ጠንካራ ክርና ለማግ የሚሆነውን ለስላሳ ክር በተለያየ ዕቃ ብታስቀምጥ ልቃቂቱ አይደባለቅባትም።

ስፌት ከፈትል ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ነገር ግን አይከለከልም። ሞሰብ፣ ሰፌድ ወይም ሙዳይ ሲሰፋ ከባዱ መነሻው ነው። እምብርቱ ትንሽና ጥብቅ ስለሆነ ለጣት አያመችም። ስለዚህ የሚያይ ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች ሰፍቶ ቢሰጥ ቀጣዩን ዙር ጣት ራሱ ይመራዋል። ቀደም ሲል የተሰፋው ዙር ለሚመጣው ዙር መንገድ ነውና። ስንደዶውና አክርማው ቀድሞ በውኃ ቢረጥብ አይሰበርም፤ እጅንም አይቆርጥም።

አስቸጋሪው ቀለም ነው። ቀዩን አለላ ከአረንጓዴው በመዳሰስ መለየት አይቻልም። መፍትሔው ቋጠሮ ነው። የቀዩ እስር ላይ አንድ ቋጠሮ፣ የአረንጓዴው ላይ ሁለት፣ የጥቁሩ ላይ ሦስት ይቋጠራል። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ የሚወጣው በቁጥር ነው። ይህን ያህል ስፌት በቀይ፣ ይህን ያህል በአረንጓዴ እየተባለ ይቆጠራል። ሰፊዎቻችን ድሮም ሥዕሉን በወረቀት አይነድፉም፤ በልባቸው ይቆጥሩታል። ወስፌውን በተመለከተ ግን ሥራ ሲቆም ጫፉን ቡሽ ላይ ሰክቶ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ለወንዶችም የሚሆን አለ። ከቃጫ ገመድ መግመድ፣ የአልጋ ጠፍር መወጠር፣ የመጥረጊያ ሣር ማሰር ሁሉ በእጅ ልማድ የሚሠራ ነው። ጓሮ ያለው ሰው ደግሞ ሽታ ያላቸውን ተክሎች መትከል ይችላል። ጤና አዳም፣ በሶ ብላ፣ ኮሰረትና ጠጅ ሣር በእጅ ተዳስሰው፣ በአፍንጫም ተለይተው ይታወቃሉ። ከቤቱ በር እስከ ጓሮው ድረስ በወገብ ከፍታ ገመድ ቢወጠር፣ መደቡም በድንጋይ ቢከበብ፣ ባለቤቱ ያለ መሪ ሄዶ አጠጥቶ ይመለሳል። ያለ መሪ መሄዱ ራሱ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው።

ገበጣ፦ ለጣት የተሠራ ጨዋታ

በውጭ አገር ዓይነ ስውራን የሚጫወቱበት ልዩ የቼዝ ሰሌዳ አለ። ጥቁሮቹ ካሬዎች ከነጮቹ ከፍ ብለው ይሠራሉ፤ ጠጠሮቹም እየተዳሰሱ እንዳይወድቁ በእያንዳንዱ ካሬ መካከል ባለው ቀዳዳ ላይ ይሰካሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ጨዋታው ለጣት እንዲመች ነው።

የእኛ ገበጣ ግን ከመሠረቱ ለጣት የተመቸ ነው። ጉድጓዶቹ ጠጠሮቹን ይዘው ያስቀምጣሉ፤ ሰው ሲዳስሳቸው አይገለበጡም። ሰሌዳ ባይኖር መሬት ላይ ይቆፈራል፤ ጠጠር ባይኖር ባቄላ ወይም ሽምብራ ይበቃል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ በኢትዮጵያና በአካባቢው የሚገኙ ብዙ የገበጣ ዓይነቶችን ሰብስበው አቅርበዋል። አንዳንዱ በሁለት ረድፍ፣ አንዳንዱ በሦስት ረድፍ ይጫወቱታል፤ ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል።

ከማያይ ሰው ጋር ሲጫወቱ ሁለት ስምምነት ብቻ ይጨመራል። አንደኛ፣ ጉድጓዱን ዳስሶ መቁጠር ጠጠር እንደ ማንሣት አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ የሚያደርገውን በአፉ ይናገራል፤ «ከሦስተኛው አነሣሁ፤ አምስት ጠጠር ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ማንም ለማንም አይራራም። እዚህ ላይ አጥብቀን የምንናገረው ነገር አለ፦ አያትን ለማስደሰት ብላችሁ ሆን ብላችሁ አትሸነፉ! ሰው በገዛ አሳቡ ሲያሸንፍ የሚሰማው ደስታ በምፅዋት አይገኝም። በሐቅ መሸነፍም ቢሆን እንደ ሰው መቆጠር ነው።

ለጆሮና ለአንደበት

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉትን አራቱን ቅኝቶች የማያውቅ የለም። ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ስም ናቸው፤ አምባሰልም ከሐብሩ በስተ ደቡብ የሚገኝ ጎረቤት ነው። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው ጆሮው የሠለጠነ ነው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ አለው፤ ክራር አምስት ወይም ስድስት። ሁለቱም የሚቃኙት በጆሮ፣ የሚመቱትም በጣት ነው። ዋሽንትም እንዲሁ ነው። ዓይን የሌለው ሰው ከሌላው እኩል ሆኖ የሚጀምርበት ሥራ ቢኖር ይህ ነው።

መሣሪያ የማይመታም ሰው ቃል አለው። ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ቀረርቶ፣ የዘር ሐረግ ቆጠራ፣ የድሮ ዘመን ወሬ በሽማግሌዎች ልብ ተከማችቷል። የልጅ ልጆችን በየማታው ሰብስቦ እንቆቅልሽ መጠየቅ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ ቦታ ማግኘት ነው። ቀን ቀን የሚመራው ሽማግሌ ማታ ማታ መሪ ይሆናል። መዝሙር የሚወድ ይዘምራል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም መንዙማቸውን ያዜማሉ። ቃል በቃል መያዝም ለአእምሮ ትልቅ ሥራ ነው።

ስለ ራዲዮ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርክ ያዳመጠ ሰው መጽሐፍ በጆሮ እንደሚነበብ ያውቃል። ዛሬ እንዲህ ያለው ትረካ፣ የመጽሐፍ ቅዱስም ንባብ ጭምር በትንሽ ስልክ ላይ ይጫናል። የቁልፍ ስልክ ካላችሁ 5 ቁጥር ላይ ትንሽ ጉጥ ታገኛላችሁ፤ ያችን ዳስሶ ሌሎቹን ቁጥሮች ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን ራዲዮና ስልክ ሰውን ብቻውን እንዳያስቀሩት መጠንቀቅ ይገባል። የሰሙትን አብሮ የሚጨዋወት ሰው ያስፈልጋልና።

ስለ ብሬል ጽሕፈት

ብዙዎች «ለዓይነ ስውር ብሬል አለለት አይደለም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አዎን፣ አለ። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1809 ተወለደ፤ በ3 ዓመቱ በአባቱ የቆዳ መሥሪያ ቤት ውስጥ በወስፌ መሰል መሣሪያ ዓይኑን ወጋ፤ ከዚያም ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ በስድስት ነጥቦች ላይ የተመሠረተውን ጽሕፈት አዘጋጀ። ስድስቱ ነጥቦች የሚሰጡት 63 ምልክቶችን ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢውም ከእርሱ ቀጥሎ ለብቻው ይጻፋል።

ሰበታና ሻሸመኔ ያሉት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች በዚህ ጽሕፈት ብዙዎችን አስተምረዋል። በልጅነት ዓይኑን ያጣ ልጅ ትምህርት ቤት መግባት አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። በአማራ ሳይንት፣ ወሎ የተወለዱት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጥተው በሻሸመኔ ከተማሩ በኋላ የሕግ ባለሙያ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በ60 ዓመታቸው ዓይናቸውን ያጡና ቀድሞም ማንበብ ያልተማሩ እናት ግን ነገ ትምህርት ቤት አይገቡም። ለእርሳቸው የሚቀርባቸው በቤታቸው ያለው እንዝርት ነው።

ለቤተ ሰብ የምንሰጠው ምክር

በየቤቱ ስንሄድ ለቤተ ሰቡ የምንነግረው ጥቂት ነገር ነው።

1ኛ. ዕቃ ከቦታው አታንሡ። እንዝርቱ፣ ሙዳዩ፣ በርጩማው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይሁን። ያነሣችሁትንም ወደ ቦታው መልሱ፤ ካልሆነም ንገሩ።

2ኛ. በሩን ወይ ሙሉ በሙሉ ክፈቱት፤ ወይ ዝጉት። ገርበብ ያለ በር ግንባር ይመታል።

3ኛ. ስትገቡም ስትወጡም ድምፃችሁን አሰሙ። ሰው የሌለበትን ቤት እያናገሩ መቀመጥ ያሳፍራል።

4ኛ. «እዚያ ነው» አትበሉ። «በቀኝዎ በኩል፣ ክንድዎን ቢዘረጉ ያገኙታል» በሉ።

5ኛ. ከእሳትና ከፈላ ውኃ ጋር ያለውን ሥራ አብራችሁ ሥሩ። ቡና ሲቆላ መንጣጣቱንና ሽታውን የሚያዳምጡት እርሳቸው ይሁኑ፤ ጀበናውን ከእሳት የሚያወርድ ሌላ ይሁን። ሥራ መካፈል እንጂ መንጠቅ አይደለም።

6ኛ. የተበላሸውን በስውር አታስተካክሉ። ክሩ ከወፈረ «ወፍሯል» በሏቸው። ራሳቸው ያርሙት።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባናል። ሁሉም ሰው ወዲያው «እሺ» አይልም። አንዳንዱ «ተውኝ፤ እኔ ያለቀልኝ ነኝ» ይላል። አንዳንዱ ዓይኑን ያጣው በርግማን ይመስለውና ከሰው ይሸሻል። እንዲህ ያለውን ሰው በነገር መርታት አይቻልም። አብሽር ማለትና አጠገቡ ተቀምጦ መሥራት ይሻላል። ጎረቤት መጥታ አጠገቧ ስትፈትል የእንዝርቱን ድምፅ የሰማች እናት እጇ ሥራውን ያስታውሳታል። አንድ ቀን «እስቲ አምጪው» ትላለች። ያን ቀን መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከእናንተ ምን እንጠብቃለን?

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ሥራ በኩንታል አይለካም፤ በሜትርም አይሰፈርም። የተፈተለው ጥጥ ነጠላ ሆኖ ሊሸጥ ይችላል፤ ላይሸጥም ይችላል። ሲሸጥ እሰየው! ነገር ግን ዋጋው በገበያ ብቻ እንዲተመን አንፈልግም። እናንተስ ስትዘምሩ፣ ስትጨዋወቱ፣ ጓሮአችሁን ስትኮተኩቱ ትርፉን ትጠይቃላችሁን? ደስታ ለሚያየው ሰው እንደሚያስፈልገው ለማያየውም ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በቤታችሁም ሆነ በጎረቤታችሁ ዓይኑ የደከመ ሰው ካለ ወደ ዓይን ሐኪም የሚወስደው ሰው ሁኑለት፤ ብዙዎችን የሚያስቀራቸው የመንገድ ወጪና አብሮ የሚሄድ ሰው ማጣት ነው። ሁለተኛ፣ የዓይነ ስውራንን የእጅ ሥራ ስትገዙ በሐዘኔታ ሳይሆን ዕቃውን አይታችሁ በተገቢው ዋጋ ግዙ። ሦስተኛ፣ ስትጠይቋቸው ሙዝና ዳቦ ይዛችሁ ብቻ አትሂዱ። ባዘቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ የማሲንቆ ጭራ ወይም የራዲዮ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፤ ተቀምጣችሁም አንድ ዙር ገበጣ ተጫወቱ።

እግዚአብሔር ቤታችሁንና የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።